ጨው የሌለበት ረድፍ

«ሆዱን ይዞ ነው የወደቀው አሉ» አለች አትጠገብ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጆሮ ዘንበል ብላ። ሹክሹክታ መሆኑ ነው። የአትጠገብ ሹክሹክታ ከድንኳኑ ወጥቶ ባጃጆቹ የሚቆሙበት አስፋልት ድረስ ይሰማል።

«ደረቱን አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ሆዱን! ያ በየጠርሙሱ ሲያሽገው የከረመው ቲማቲም ነው እኮ የጨረሰው። እኔማ ገና ዱሮ ብያለሁ። ማን ይስማኝ!»

ቀለምወርቅ ጥቁር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእነሱ ሦስት ክንድ ራቅ ብላ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አንድም ቃል አላመለጣትም። ታናሽ ወንድሟ ኃይለጊዮርጊስ ትናንት ማክሰኞ ማለዳ ሞቶ ከሰዓት ተቀበረ። ዛሬ ረቡዕ ነው። የመቃብሩ አፈር ገና ሳይደርቅ አትጠገብ የሞቱን መንስኤ አጣርታ፣ ፈርዳ፣ ፋይሉን ዘግታለች። ሐኪም ቤቱ ልቡ ነው ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጥቷል፤ ወረቀት ለአትጠገብ ምኗ ነው!

ቀለምወርቅ ለቀስተኛ የሚባል ፍጥረት ድሮም አትወድም። ሲገባ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ይደቃል፤ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ንፍሮው በየት በኩል እንደሚዞር በዓይኑ ይከተላል። አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፣ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዷ የሟችን መጋረጃ በእጇ እየዳሰሰች ከየት እንደተገዛ ትጠይቃለች። ይሄን ሁሉ ንቃ ንቃ፣ መጨረሻ ላይ ንቀቷ ወደ ራሷ ይመለስባት ጀመር። ምክንያቱም አትጠገብን «አፍሽን ዝጊ» ለማለት አፍ አልነበራትም። ስለዚያ ቲማቲም በጅግጅጋ ከተማ ከማንም በፊት፣ ከማንም በላይ ክፉ የተናገረችው እሷ ራሷ ናት።

ኃይለጊዮርጊስ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነበር። ፋይል ያወርዳል፣ ፋይል ይሰቅላል። የደብዳቤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ ካልፈረመለት እንቅልፍ አይወስደውም፤ አንዴ ለአንድ ፊርማ ብሎ በአውቶቡስ ደምበል ድረስ ሄዷል። ሚስቱ ልጃቸው ሳሌም ትንሽ ሳለች ሞታበት ልጅቱን ለብቻው አሳደገ። ጡረታ ሲወጣ ሌላው ወንድ ወይ ዳማ ይጫወታል ወይ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። እሱ ወጥ ቤት ገባ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ለሴቶች «አትክልትን በጠርሙስ አሽጎ ማቆየት» የሚባል የሦስት ቀን ሥልጠና ሲሰጥ ከአሥራ ስድስት ሴቶች መሃል ብቸኛው ወንድ ሆኖ ተመዘገበ። ሴቶቹ ለሻዩና ለብስኩቱ ነው የመጡት። እሱ ደብተር ይዞ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«የሃምሳ አለቃ ዘውዴ ልጅ ቲማቲም ይቀቅላል!» አለች ያን ጊዜ ቀለምወርቅ። ለሰማውም ላልሰማውም አለችው። የባልትና ሱቅ አላት፤ ሽሮዋና በርበሬዋ እስከ አፍደም ይጫናል፤ ስለ ምግብ ማቆየት ማንም እንዲያስተምራት አትፈልግም። «ምግብ የሚቆየው ደርቆ ነው። ሽሮው ደርቆ፣ በርበሬው ደርቆ፣ ቋንጣው ደርቆ። ርጥብ ነገር ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ ‹ይቆያል› ማለት ሬሳ ሳሎን አስተኝቶ እንግዳ መጥራት ነው።»

የመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ አፏን ሞላላት። ኃይለጊዮርጊስ ከየጎረቤቱ የማርማላታና የማዮኔዝ ጠርሙስ ለምኖ አሥራ ሁለት አደረሰ። ደብተሩ ላይ «ከላይ አንድ ጣት ክፍተት ይተው» ብሎ በእጁ ጽፏል፤ ቦታ ማባከን መስሎት እስከ አፉ ሞላው። «ክዳን አዲስ ይሁን» ብሎ ጽፏል፤ አሮጌውን መልሶ ገጠመ። «ከታሸገ በኋላ ጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ተጠልቆ ይቀቀል» የሚለውን ደግሞ፣ አንዴ የበሰለ ነገር ሁለተኛ ምን ያስቀቅለዋል ብሎ ዘለለው። ከዚያ ወስዶ ቆርቆሮው ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ ደረደረው። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት ፈነዳ።

ሌላ ከተማ ቢሆን ሰው «ምንድነው?» ብሎ ይወጣል። የዚህ ሰፈር ሰው ግን የሁለት ሺህ አሥሩን የሐምሌ ግድያና ዘረፋ አይቷል፤ ሲፈነዳ አይወጣም፣ ይተኛል። ሰፈሩ በሙሉ መሬት ላይ ተደፋ። አጥር የምትጋራቸው ባለሱቋ ሙልኪ መዝጊያዋን ስባ ከሩዝ ጆንያ ጀርባ ገባች። ሁለተኛው ጠርሙስ ሲደግም የተጠራጠረም አመነ። ፖሊሶች በሩን ገፍተው ሲገቡ ኃይለጊዮርጊስ ከአናቱ እስከ ወገቡ ቀይ ሆኖ ግቢው መሃል ቆሟል። ሳሌም ጩኸቷን ለቀቀችው።

«አይዞሽ፣ እኔ አይደለሁም» አላት አባቷ። «ቲማቲሙ ነው።»

ፖሊሱ ደብተሩን አወጣና ጻፈ፦ «ጉዳዩ፦ ቲማቲም»።

ቀለምወርቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱቋን መክፈት አፈረች። ኃይለጊዮርጊስ ግን ያችን አጻጻፍ ወደዳት። እንደገና ጀመረ። በቶጎጫሌ መንገድ ሚኒባስ የሚነዳው ዐብዲናስር አዳዲስ ክዳን አመጣለት። ጠርሙሱ እንዳይሰነጠቅ ድስቱ ሥር ጨርቅ አነጠፈ፣ የሎሚውን ጭማቂ በማንኪያ ለካ፣ የጠርሙሱን አፍ በንጹህ ጨርቅ ወለወለ፣ ሰዓቱን እያየ ቀቀለ። ሲበርድ በየክዳኑ ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፤ ክዳኑ ቀጭ ብሎ ከተመለሰ አልታሸገም፣ ካልተነቃነቀ ታሽጓል። በየጠርሙሱም ላይ እንደ መንግሥት ደብዳቤ «ጉዳዩ፦ ቲማቲም» የሚል ወረቀት ለጠፈ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትል ነበር ቀለምወርቅ። «የኔ ወንድም ሁለቱንም ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳሌም የሻይ ፔርሙስ ይዛ አክስቷ አጠገብ ተንበረከከች። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ዓይን ነው ዓይኗ።

«እትዬ፣ የሚሉትን ትሰሚያለሽ?»

«ጆሮ አለኝ።»

«አባዬን ቲማቲም ገደለው እያሉ ነው። እኔም እኮ አብሬው በልቻለሁ፤ ምን ሆንኩ? ጠዋት ላይ ደረቴን ወጋኝ ብሎ ባጃጅ እስክንጠራ እንኳ አልቆየም። ሐኪሙ በግልጽ ነገረኝ። ንገሪያቸው እንጂ! አንቺ ከተናገርሽ ይሰማሉ።»

ቀለምወርቅ ሻዩን ተቀበለችና ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። «ነገ ሠልስቱ ሳይደርስ ጋሪ አስጠሪና ያን ጠርሙስ ሁሉ አስወግጅ። ወሬው በዚያው ይቀበራል።»

«ከጣልነውማ አመንን ማለት ነው!» አለች ሳሌም። «ቲማቲም የገደለው ሰውዬ ሆኖ ሊቀር ነው እኮ። ነገ የምወልዳቸው ልጆቼ እንኳ አያታቸውን በዚያ ስም ነው የሚያውቁት። ይሄን ትፈልጊያለሽ?»

«ስሙን ያበላሸው ራሱ ነው። እኔ ጠርሙስ ሰብስብ አላልኩትም።»

ሳሌም ፔርሙሷን አንስታ ሄደች። ቀለምወርቅ እንዲያ ስትናገር እንደዋሸች ታውቃለች። የወንድሟን ስም ከሁሉ በፊት ያበላሸው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ታውቃለች።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር፣ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ቀለምወርቅ ቤት የማኅበር ጓደኞቿ ተሰብስበው፣ አትጠገብም ከሁሉ ቀድማ ሶፋው ላይ ተመቻችታ፣ ዶሮው ወጥቶ ጨዋታው ደርቶ ሳለ ኃይለጊዮርጊስ በካርቶን ሁለት ጠርሙስ ቲማቲም ይዞ ገባ። ኮቱን ለብሶ፣ ፀጉሩን ውሃ አስነክቶ። ጠርሙሶቹን እንደ ስለት ከፊቷ አስቀመጣቸው።

«ምንድነው ደግሞ?» አለችው።

«ለክፉ ቀን ነው፣ እትዬ።»

አትጠገብ ሦስት ጊዜ አማተበች። «በስመ አብ! በእንቁጣጣሽ ለክፉ ቀን ይባላል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ቀለምወርቅ በንቀት ሥቃ ታሳልፈው ነበር። ያን ቀን ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንድሟ እንደ ዕብድ ቆሞ፣ እንደ ልማዱ ሲፈራ፣ የሃምሳ አለቃ ልጅ ከአምስት ዓመት በፊት ለሆነ ነገር እስከ ዛሬ ሲንቀጠቀጥ አየችና ደሟ ፈላ። ሁለቱን ጠርሙስ አንስታ ወጣች። በረንዳው ጫፍ ላይ ክዳናቸውን ፈልቅቃ የጎርፍ መውረጃው ውስጥ ገለበጠቻቸው። «ክፉ ቀንህን ከነቲማቲምህ ይዘህልኝ ጥፋ!» አለችው። ሴቶቹ በመስኮት እያዩ ነው።

ኃይለጊዮርጊስ የፈሰሰውን ቀይ ነገር አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ጠርሙሱን ብቻ ስጪኝ፣ እትዬ» አላት።

ሰጠችው። ከዚያን ቀን ወዲያ አልተነጋገሩም። በሁለት መንገድ ርቀት ላይ እየኖሩ፣ ቅዳሴ ላይ እየተያዩ አልተነጋገሩም። እሷ፣ ታናሽ ነውና እሱ ይምጣ ብላ ጠበቀች። እንዳስቀየማት የሚያውቅ አልመሰላትም፤ እንዳስቀየመችው ግን በደንብ ታውቃለች። ማክሰኞ ማለዳ ሳሌም ደውላ ስትጮህ ገና እየጠበቀች ነበር።

ሐሙስ ሠልስቱ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሪው በር ላይ ቆመ። አትጠገብና ሁለት የእድር ሴቶች ባዶ ማዳበሪያ ይዘው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጦር እንደሚያዘምት ሰው ተዘጋጅተዋል።

«ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር» አለች አትጠገብ። «እንዲሁ ከተጣለ ውሻውንም ይፈጃል።»

«ቆዩ፣ መጀመሪያ እኔ ልግባ» አለች ቀለምወርቅ። ለምን እንዳለች አታውቅም። ምናልባት አትጠገብ ቀድማ ስትገባ ማየት አስጠልቷት ይሆናል።

ኃይለጊዮርጊስ ጠርሙሶቹን የሚያስቀምጥባት መጋዘን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናት። ቀለምወርቅ አንድም ቀን ገብታባት አታውቅም። ሙልኪ በአጥሩ በር በኩል መጥታ ተከተለቻት፤ ሰፊ ጥቁር ጉፍታዋን እየሰበሰበች ከኋላዋ ቆመች።

መደርደሪያው የመዝገብ ቤት መደርደሪያ ነው። ጠርሙሶቹ ፊታቸውን አዙረው፣ በቀን ቅደም ተከተል፣ እንደ ፋይል ቆመዋል። ቀዩ ጠርቶ ይታያል፤ ሻጋታ የለም፣ አረፋ የለም። ቀለምወርቅ ባልትና አዋቂ ናት፤ የተበላሸ ነገር ሳይከፈት ታውቃለች። እነዚህ አልተበላሹም። ይሄም አናደዳት።

«ይሄኛው ረድፍ ለብቻው ነው» አለች ሙልኪ፣ ወደ ታችኛው መደርደሪያ እያመለከተች። «አንቺ አላየሽውም አይደል፣ አባዮ?» ሙልኪ ስትወድ እንዲህ ነው የምትላት፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው።

ቀለምወርቅ መነጽሯን ከጡቷ ሥር ከተወሸቀው ቦርሳ አወጣች። ሰው ፊት አታደርገውም፤ ሙልኪ ግን ሰው አይደለችም፣ ጎረቤት ናት። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ወረቀት አነበበች።

«ለ፦ እትዬ ቀለም
ጉዳዩ፦ ቲማቲም፣ ጨው አልባ
መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
የተቀባይ ፊርማ ............»

መስከረም ሃያ። ቲማቲሙን ከደፋችበት በኋላ ማለት ነው። ቀጣዩን አየች፤ ጥቅምት አምስት። ቀጣዩ ጥቅምት ሃያ ስምንት። የመጨረሻው ኅዳር ሃያ ሁለት ይላል፤ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው። ሁሉም ለእሷ ነው። ሁሉም ጨው አልባ ነው። በረድፉ መጨረሻ ላይ ሁለት ባዶ ጠርሙሶች፣ ታጥበው፣ አፋቸው ወደ ታች ተደፍተው ቆመዋል። ወረቀታቸው አልተነሳም፤ ጳጉሜን ሦስት ይላል። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ የእጅ ጽሕፈት፣ «ተመላሽ» ተብሎ ተጽፏል።

«ለምንድነው ጨው የሌለው?» አለች ቀለምወርቅ፣ መልሱን እያወቀች።

«ያን ጊዜ አታስታውሺም?»

«አላስታውስም።»

«ውሸትሽን ነው» አለች ሙልኪ።

ታስታውሳለች እንጂ! በዚያ ሐምሌ ሦስቱም፣ እሷና ወንድሟና ሳሌም፣ ሙልኪ መጋዘን ውስጥ አራት ቀን ተደብቀው ነበር። ሙልኪ ደጅ ላይ ወንበር ዘርግታ፣ ለመጣው ሁሉ «እዚህ ሩዝ እንጂ ሰው የለም» እያለች ትመልሳለች። ውጭ ሱቅ የለ፣ ገበያ የለ። ውስጥ ያለው ጨው የበዛበት የዓሣ ጣሳና ጨዋማ ብስኩት ብቻ ነው። የቀለምወርቅ የደም ግፊት መድኃኒት ቤቷ ቀርቷል። በሦስተኛው ቀን አፍንጫዋ ደማ፣ ምላሷ ተሳሰረ፣ ወደቀች። የሃምሳ አለቃ ዘውዴ የበኩር ልጅ ልብሷ ላይ ሽንቷን ለቀቀች። ስለዚያ ቀን ማንም እንዲያነሳባት ፈቅዳ አታውቅም። ወንድሟን ፈሪ እያለች ስትንቀው የኖረችው፣ እሱ ያያትን ነገር እንዳያነሳ ይሆናል።

«አንቺ ወድቀሽ ሳለ» አለች ሙልኪ፣ «ዓሣውን በመጠጥ ውሃ ሲያጥብ አገኘሁት። ጨዉን ሊያወጣ። ለሦስት ሰው የቀረን አንድ ጀሪካን ነው! ወላሂ ተናደድኩ። ‹ዋርያ፣ አበድክ?› አልኩት። አለቀሰ። ‹ሙልኪ፣ በዚህ ዓለም ላይ ጨው የሌለበት የተቀመጠ ምግብ የለም ወይ?› አለኝ። የለም አልኩት። ‹እንግዲያው እኔ እሠራዋለሁ› አለ። ሳቅሁበት። ጡረታው እስኪደርስ ጠበቀ እንጂ አልረሳውም።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ጓደኞችሽ ፊት? ያን ቀን አንስቶ? ታፍሪያለሽ ብሎ ነዋ።»

ቀለምወርቅ መደርደሪያውን ይዛ ቆመች። «ደፋሁት እኮ» አለች። «ፊቱ ላይ ደፋሁት፣ ሙልኪ። እሱን ሲንቁት እያየሁ ደስ አለኝ።»

ሙልኪ አላጽናናቻትም። ከአጠገቧ ቆመች።

ከውጭ የአትጠገብ ድምፅ መጣ። «ቀለም! ጋሪው ቆሞ አይዋል እንጂ!»

ቀለምወርቅ ኅዳር ሃያ ሁለት የሚለውን ጠርሙስ አንስታ አውራ ጣቷን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። አልተነቃነቀም። ይዛው ወጣች።

«ጋሪውን መልሱት» አለች።

«ምን?»

«ጆሮሽ ለወሬ ብቻ ነው የሚሠራው? ጋሪውን መልሱት። ሳሌም፣ ድስት ጣጂ። ከላይኛው መደርደሪያ አሥር ጠርሙስ አውርጂና ሽንኩርት ክተፊ። ለሕዝቡ ፓስታ በሱጎ ይቀርባል። ይሄኛውን ደግሞ በትንሿ ድስት ለብቻው አፍይልኝ። ጨው እንዳትነኪ።»

ሳሌም ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠች።

«ቀለም፣ ኀዘን አዙሮሻል» አለች አትጠገብ፣ በርኅራኄ። የአትጠገብ ርኅራኄ ከስድቧ ይብሳል። «ወንድምሽን የገደለውን ምግብ ለለቀስተኛ ልታበዪ ነው?»

ስልክ የሚነካካው እንኳ ቀና አለ።

«ወንድሜን የገደለው ልቡ ነው» አለች ቀለምወርቅ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «ልብ ያለው ሰው በልቡ ይሞታል፤ አንቺ የምትሞቺበትን እንጃ። ስሚ፣ አትጠገብ። ይሄን ቲማቲም መጀመሪያ ያዋረድኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ከኔ ለቅመሽ ነው የምታወሪው። አሁን እዚሁ ፊትሽ ተቀምጬ እበላዋለሁ። ከሞትኩ ድንኳኑ እንደተተከለ ነው፣ ወንበሩም አልተመለሰም፤ ሁለተኛ አትደክሙም።»

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል አፈነ። አትጠገብ ማዳበሪያውን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከተተች።

ቅዳሴው ወጥቶ ሰዓቱ ደርሷል፣ ጾሙም ይፈቅዳል። ሳሌም ትሪውን አመጣችው። ቀለምወርቅ ከትንሿ ድስት የወጣውን ፊቷ አስደረገች፤ በሹካ አይደለም፣ በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች። አላመጠች። ሰው ሁሉ ጉሮሮዋን ያያል። ጎምዛዛ ነው፣ የሎሚው ሽታ አለው፣ ነጭ ሽንኩርቱ በስሎ ጠፍቷል፤ ጨው የለውም። ሐኪሙ ጨው ከከለከላት አሥር ዓመቷ ነው፤ ሰው ቤት ስትሄድ ለእሷ ተብሎ ተለይቶ የተሠራ ምግብ ቀርቦላት አያውቅም። አንገቷን ደፍታ ሁለተኛ ጎረሰች።

«እንዴት ነው?» አለ ሽማግሌው።

«ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው» አለች ቀለምወርቅ።

ሙልኪ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ከትልቁ ድስት በሳህኗ ጨለፈች። በዚህ ከተማ ለቅሶ ቤት ሥጋ ሲኖር ድስት ለሁለት ይከፈላል፣ የክርስቲያኑ ወዲህ፣ የእስላሙ ወዲያ። ኃይለጊዮርጊስ «ቲማቲም ምን ሃይማኖት አለው?» ይል ነበር። ሙልኪ ቢስሚላሂ ብላ ስትጎርስ፣ ከቶጎጫሌ መስመር በቀጥታ የመጣው ዐብዲናስርም ሳህን ጠየቀ። ከዚያ ሽማግሌው። ከዚያ ሁሉም። ለቀስተኛ ነው፤ አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል! በመጨረሻ አትጠገብም ትንሽ ብቻ ብላ አስጨለፈችና ሳህኗን በዳቦ ጠርጋ ጨረሰች። ስትጨርስ ስለ አሠራሩ ትጠይቅ ጀመር። ቀለምወርቅ እያየቻት፣ እንዲህ ያለችውን ሴት ለማስደሰት ወንድሟን ማዋረዷ አንገበገባት።

ፀሐይ ወደ ካራማራ ተራራ ስታዘነብል ሰዉ ሳሳ። ሳሌም ሳህን እየሰበሰበች ወጥ ቤት ስትገባ አክስቷን ባንቧው ጋ ቆማ አገኘቻት። ያን አንድ ጠርሙስ በሳሙና እያጠበች ነው፤ ወረቀቱ እንዳይርስ በመዳፏ ሸፍናዋለች።

«እትዬ፣ ተይው እኔ አጥበዋለሁ።»

«ዝም በይ። ይልቅ እስክሪብቶ ስጪኝ። አባትሽ ቀይ ነበረው።»

ሳሌም ከአባቷ ኮት ኪስ ቀዩን እስክሪብቶ አምጥታ ሰጠቻት። ቀለምወርቅ የጠርሙሱን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ዙሪያውን ወለወለች፣ መጋዘኗ ገባች፣ መነጽሯን አደረገች። የሁለቱን ተመላሾች ወረቀት አንዴ አየቻቸው። ከዚያ የያዘችውን ጠርሙስ ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ፊርማ በሚለው ባዶ መሥመር ላይ ጻፈች፦

«ደርሶኛል። ቀለምወርቅ ዘውዴ።»

«አንተ ሞኝ» አለች። ጠርሙሱን አፉን ወደ ታች ደፍታ በረድፉ መጨረሻ አስቀመጠችው።